ገንዘብ አትላኩልኝ ያለው እጩ

በማርች 2025 ለኒውዮርክ ከንቲባነት ይወዳደር የነበረው ዞህራን ማምዳኒ አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። መልእክቱ አጭር ነው፦ በቃ፣ ገንዘብ አትላኩልኝ። ፖለቲከኛ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሰውየው ገንዘብ ጠልቶ አይደለም። በፓርቲው የውስጥ ምርጫ እንዲያወጣ ሕጉ የፈቀደለት ጣሪያ ላይ ደርሶ ነው፤ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። አብዛኛው የሚመጣው ከከተማዋ ካዝና ነው። ካዝናውን የሚከፍቱት ግን ጥቂት ጥቂት ዶላር የላኩ ነዋሪዎች ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የኒውዮርክ ነዋሪ ለከንቲባ እጩ 10 ዶላር ቢሰጥ ከተማዋ 80 ትጨምርበታለች። 10ሯ 90 ሆነች ማለት ነው። ጭማሪው የሚሰላው በመጀመሪያው 250 ዶላር ላይ ብቻ ነው። 2,000 ዶላር የሰጠ ሀብታምም ጭማሪ የሚያገኘው ለ250ዋ ነው። ከሌላ ከተማ የተላከ ገንዘብ ደግሞ ጭማሪ የሚባል ነገር አያገኝም። ይህቺን ነገር እወዳታለሁ። ኢንተርኔት ላይ በመጮህ ከአገሩ ሁሉ የሚለቅም እጩ ጩኸቱ እዚህ አያበዛለትም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ስለ ምርጫ ገንዘብ ሲወራ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያነሳው ሙስናን ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የእጩው ሰዓት ነው። ገንዘቡ ያለው አሥር ሀብታሞች ጋ ከሆነ ቀን ሲደውልላቸው ይውላል፣ ማታ አብሯቸው እራት ይበላል። ብሶታቸውን በቃሉ ያጠናዋል። ጉቦ የሰጠው የለም፤ ሁሉም ነገር ሕጋዊ ነው። ግን ተመርጦ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ በጆሮው የሚያቃጭለው የማን ድምፅ ነው? ደግሞስ ወጪት ሰባሪ መባልን ማን ይወዳል?

10 ዶላር 90 ስትሆን ሂሳቡ ይገለበጣል። አንድ ሳሎን ውስጥ ሃያ ሰው ተሰብስቦ እያንዳንዱ 50 ዶላር ቢያዋጣ 1,000 ይሆናል። ከከተማዋ ጭማሪ ጋር 9,000። ለዚህማ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ያዋጣል። ስለ ቤት ኪራይና ስለሚዘገይ አውቶቡስ የሚወራው እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው።

«የማልወደው ፖለቲከኛ በእኔ ግብር ለምን ይቀሰቅሳል?» የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የምትወደውም በሌላው ግብር ይቀሰቅሳል እንዳልል መልሱ ቀላል ይሆንብኛል። ዋናው ነገር ገንዘቡን ማን ያዘዋል የሚለው ነው። እዚህ የሚያዘው ባለሥልጣን ሳይሆን ከኪሷ 10 ዶላር ያወጣች ጎረቤትህ ናት። አንተም አውጣና እዘዝ።

ማጭበርበሩ ግን እውነተኛ ራስ ምታት ነው። አንድ ዶላር ስምንት የምትወልድ ከሆነ በሰው ስም የሚያዋጣ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ጠንካራ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። በዲሴምበር 2024 የከተማዋ የምርጫ ገንዘብ ቦርድ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ከንቲባ ኤሪክ አዳምስን ይህን ገንዘብ ከልክሏቸዋል። በጊዜው ከመዋጮ ጋር የተያያዘ ክስም ነበረባቸው፤ እሳቸው ጥፋተኛ አይደለሁም ብለዋል፣ ክሱም በኤፕሪል 2025 ተዘግቷል። ለእኔ ቁም ነገሩ ቦርዱ ከንቲባውን ራሱን እምቢ ማለት መቻሉ ነው።

ሱፐር ፓክ የሚባለውን፣ ከእጩው ተለይቶ ለቅስቀሳ ገንዘብ የሚያፈስ ቡድን ግን ይህ አሠራር አያቆመውም። ከ2010ሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ኩባንያም ሆነ ሀብታም ከእጩው ጋር እስካልተመካከረ ድረስ የፈለገውን ያህል ማውጣት ይችላል። አሪዞና ተቀናቃኙ ብዙ ሲያወጣ የሕዝብ ገንዘብ ለሚጠቀመው እጩ ተጨማሪ ትሰጥ ነበር። በ2011 ያው ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ሻረው። በኒውዮርኩ የውስጥ ምርጫም ለማምዳኒ ተፎካካሪ ለአንድሩ ኩሞ የቆመ ሱፐር ፓክ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ያሸነፈው ማምዳኒ ነው። ሲያትል ውስጥም በ2019 አማዞን ለከተማ ምክር ቤት ምርጫ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቢያፈስም እሱ የደገፋቸው አብዛኞቹ ተሸንፈዋል። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ትንሹ እጩ ለመሰማት የሚበቃ ገንዘብ ካገኘ ግን ትልቁ ገንዘብ ብቻውን አይጨርሰውም።

ሲያትል ሌላ መንገድ ሞክራለች። ለነዋሪዎቿ አራት አራት የ25 ዶላር ቫውቸር ትሰጣለች። ነዋሪው የፈለገው እጩ ላይ ይጥለዋል፤ ከኪሱ ሰባራ ሳንቲም አይወጣም። ሐሳቡ ያምራል። ግን አብዛኛው ሰው ሳይጠቀምበት ይቀራል፤ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተጠቅልሎ የሚጣለው ስንቱ ይሆን? ስለዚህ እኔ የኒውዮርኩ ይሻለኛል። 10 ዶላር ያወጣ ሰው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ይከታተላል።

ያለ እንክብካቤ ግን ይህም ይሞታል። ኒውዮርክ በ1988 ሕጉን ስታወጣ ለአንድ ዶላር አንድ ነበር የምትጨምረው። ቅስቀሳ ሲወደድ አራት አደረገችው፣ ከዚያ ስድስት፣ በ2018 ደግሞ በሕዝብ ድምፅ ስምንት። ለፕሬዚዳንት ምርጫ የቆመው የፌዴራል ፈንድ ግን ከጊዜው ጋር አልሄደም። በ2008 የሪፐብሊካኑ እጩ ጆን ማኬይን ከፈንዱ 84 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ። ተፎካካሪያቸው ኦባማ አልፈልግም ብለው በግላቸው ብዙ እጥፍ ሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ለመጨረሻው ፉክክር የቀረበ እጩ ያን ገንዘብ ነክቶት አያውቅም። አሜሪካኖች በየዓመቱ ግብር ሲያሳውቁ ግን «ለዚህ ፈንድ 3 ዶላር ይሂድ?» የምትለዋ ሳጥን እስካሁን ቅጹ ላይ አለች።