ጅማ ላይ ቤት ስትከራዩ መጀመሪያ መሬቱን እዩ

በየዓመቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ጅማ አዲስ ሰው ትቀበላለች። ዝውውር የደረሰው የባንክ ሠራተኛ አለ። ሆስፒታል የተመደበች ነርስ አለች። ዩኒቨርሲቲ የተቀጠረ መምህር፣ ሱቅ ሊከፍት የመጣ ነጋዴ፣ ባሏን ተከትላ የመጣች ሙሽራ አለች። ሁሉም ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የሚጠይቁት አንድ ነው፤ "የትኛው ሰፈር ይሻላል?"

መልሱ ሁልጊዜ የሰፈር ስም ነው። አንዱ ቦሳ አዲስ ከተማ ግባ ይላል። ሌላው ፈረንጅ አራዳ አሪፍ ነው፣ ግን ውድ ነው ይላል። ሦስተኛው ለሥራህ ከቀረበህ ቂጦ ፉርዲሳ አካባቢ ፈልግ ይላል። ደላላው ደግሞ እጁ ላይ ያለው ቤት የሚገኝበትን ሰፈር ያመሰግናል። አዲሱ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ይወስናል፣ ቅድመ ክፍያ ይከፍላል፣ ዕቃውን ያስገባል። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ቤት ሲፈልግ ታገኙታላችሁ።

እኔ የምለው ይህ ነው። ጅማ ውስጥ የሰፈር ስም ብዙም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ቤቱ የቆመበት መሬት ነው። ዳገት ላይ ነው ወይስ ረባዳ ላይ? ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ ከአስፋልቱ በላይና ከአስፋልቱ በታች ያለው ኑሮ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ከተማዋን ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ማየት ይረዳል። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስትጎበኙ ፊታችሁን ወደ ታች መልሱ። ከተማው ኮረብታ በከበበው ሜዳ ላይ ተኝቷል። አዌቱ ወንዝ መሀሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ዳር ዳሩ ላይ እንደ ቦዬና ቂጦ ያሉ ረግረጎች አሉ። ድሮ ንጉሡ የሚኖሩት ላይ ጅሬን ነበር፤ የሐሙሱ ትልቅ ገበያ ደግሞ ታች ሂርማታ። ዛሬ የምናውቀውን መሀል ከተማ በገበያው ዙሪያ የዘረጋው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሲሰፋ ቤቱ ወደ ዳገቱም ወደ ረባዳውም ሄደ። ዛሬ ለኪራይ የሚቀርብላችሁ ቤት ከሁለት በአንዱ ላይ ነው።

ዝናቡን ደግሞ አስቡ። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። መጋቢት ላይ የጀመረው እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ በጥር ቤት ያየ ሰው ቤቱን አላየውም ማለት ይቻላል። በጥር ግቢው ደረቅ ነው፣ መንገዱ አቧራ ነው፣ ግድግዳው ነጭ ነው። የዚያን ቤት እውነተኛ መልክ የምታዩት ሐምሌ ላይ ነው።

በበጋ ለመከራየት ከተገደዳችሁ ግድግዳውን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ መርምሩ። የላይኛው ቀለም ደብዝዞ የታችኛው ብቻ አዲስ ከተቀባ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። በመዳፋችሁ ዳስሱት። ቀለሙ ተነፍቶ እንደ ቅርፊት የሚነሳ ከሆነ ከሥሩ እርጥበት አለ። ቁም ሳጥን የነበረበትን ማዕዘን ጠጋ ብላችሁ አሽቱ። ሻጋታ ከሸተታችሁ ፍራሻችሁም፣ ልብሳችሁም፣ የልጃችሁ ደረትም ያንን ክረምት አይችሉትም። ከዚያ ወደ ውጭ ውጡና የግቢውን ቦይ ፈልጉ። ቦይ የሌለው ግቢ ውሃውን የሚሰደው ወደ ቤት ወይም ወደ ጎረቤት ነው። ሽንት ቤቱንም እዩ። ጉድጓዱ ከቤቱ በላይ በኩል ከተቆፈረ ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን ለመገመት አይከብድም።

ረግረግ ዳር ያለ ቤት ሌላም ነገር ያመጣል፤ ወባ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይህን አያስበውም፤ እዚያ ከፍታው ወባ አያስኖርም። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ወባ እዚህ አለች። በተለይ ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ። ረግረጎቹ አካባቢ ሸክላና ጡብ ለመሥራት አፈር የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች አሉ። ውሃ ይቋጥራሉ። ትንኝ ይራባባቸዋል። እዚያ አትኑሩ እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይኖራል፣ ኪራዩም ይቀላል። ግን አጎበር የሚሰቀልበት ክፍል መሆኑን፣ መስኮቱ ወንፊት ያለው መሆኑን አይታችሁ ግቡ። ትኩሳት ሲሰማችሁም ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፣ ተመርመሩ። ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ካላችሁ ግን ሌላ ሰፈር ፈልጉ። በዚህ አልደራደርም።

ታዲያ ሁላችንም ዳገት እንውጣ? ዳገቱም የራሱ ዕዳ አለው። ጎርፍ አይገባውም፤ የቧንቧ ውሃም ላይደርሰው ይችላል። ግፊቱ ሲያንስ ታች ያለው ቤት ይቀዳል፣ ላይ ያለው ሌሊት ተነስቶ ይጠብቃል። ይህን አከራዩን ጠይቃችሁ አታገኙትም። በር ላይ ያለውን ሱቅ ጠይቁ። አጠያየቁም ይለያል። አንዲት አዲስ ነርስ ቤት ስትፈልግ አብሬያት ዞሬ ነበር። ሱቅ ገብታ ባለሱቋን "እትዬ፣ እዚህ ውሃ ይመጣል?" ስትል "ይመጣል የኔ ልጅ" ተባለች። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ "መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?" አለች። ሴትየዋ አሰበች። "ባለፈው ሳምንት… ማክሰኞ መሰለኝ።" ሁለቱም መልስ እውነት ነው። የሚጠቅማችሁ ግን ሁለተኛው ነው። ግቢው ውስጥ ሮቶ ካለ፣ ለተከራይም የሚከፈት መሆኑን ጠይቁ። ለአከራይ ብቻ የሚሆን ሮቶ ለናንተ ጌጥ ነው።

መንገዱን ራሳችሁ ሂዱበት፣ በሥራ ሰዓታችሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት የምትገቡ ከሆነ ጠዋት አንድ ተኩል ላይ በእግር ውጡ። የማታ ተረኛ ከሆናችሁ ማታ። ባጃጅ እስከ አስፋልቱ ያደርሳችኋል፤ ከአስፋልቱ እስከ በራችሁ ያለውን ግን ቀዩ ጭቃ ይወስነዋል። ኮብልስቶን የተነጠፈበት ቅያስና ያልተነጠፈበት ቅያስ በክረምት አንድ አይደሉም። ሾፌሩ "እዚያ አልገባም፣ ጭቃው ይይዘኛል" ካለ ከልቡ ነው። ኮንትራት ካልከፈላችሁ ጭቃውን በእግራችሁ ታልፋላችሁ። ሴቶች ደግሞ መብራት ያለበትን፣ ማታ ሱቅ ክፍት የሚሆንበትን መንገድ ለማየት አትፈሩ። አምሽታችሁ አንድ ጊዜ ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር ሂዱበት። ቤቱ አሥር ደቂቃ ቢርቅ ሰው ያለበት መንገድ ይሻላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አንዳንድ አዲስ መጪ ስለ ጭቃም ስለ ውሃም ሳይጠይቅ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የኛ ሰው የሚበዛበት የት ነው?" ይላል። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የምንኖርበት ጊዜ ሰውን አስፈርቷል። ቤተሰብም ስልክ ደውሎ "ከዘመድ አጠገብ ሁን" ይላል። ግን ጅማ እንደዚያ ተከፋፍሎ የተሰፈረባት ከተማ አይደለችም። ገበያ የወለዳት ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ጉራጌው፣ አማራው አንድ ግቢ ውስጥ ቡና ይጠጣል። የአንዱ ቤት ሞት የሁሉም ለቅሶ ነው። ሰፈሩን በዚያ መስፈርት የመረጠ ሰው ጎርፍ የሚገባበትን ቤት ከነጎርፉ ይከራያል፤ ደግሞም ከጎረቤቱ ጋር ሳይተዋወቅ ዓመት ይሞላዋል። እኔ ያየኋቸው ቶሎ የለመዱ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት "አካም ጅርቱ" ማለት የጀመሩ ናቸው። አፋን ኦሮሞ ባትችሉ ማንም አይቀየማችሁም፣ አማርኛ በየቤቱ ይነገራል። ግን ሰላምታውንና "ገለቶማ"ን (አመሰግናለሁ ማለት ነው) ስትሞክሩ የአከራይዋ ፊት እንዴት እንደሚፈታ ታያላችሁ። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የምታበድራችሁ እሷ ናት።

ስለ ግቢው ይህን ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ከሰፈሩ ይልቅ ኑሮን የሚወስነው ግቢው ነው። ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ ለብቻ? ምጣድ ይፈቀዳል? በሩ ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋል? እናታችሁ ከአገር ቤት መጥተው ሁለት ሳምንት ቢቀመጡ ጭቅጭቅ ይነሳል? ሽንት ቤቱ የስንት ቤተሰብ ነው? እነዚህን ስትጠይቁ ማፈር የለም። አከራይም በግልጽ ቢነግራችሁ ደስ ይለዋል፤ በኋላ ከመጣላት ይሻላል። ዕድል ከቀናችሁ ግቢው ውስጥ አቮካዶ ወይም ሁለት ሦስት እግር ቡና ታገኛላችሁ። ቡናው ሲለቀም ሳይሰጧችሁ አይቀሩም።

ውሉን በቃል አትጨርሱ። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲቆይ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ አፈጻጸሙ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የከተማ አስተዳደሩን ወይም ቀበሌውን ጠይቁ። የስድስት ወር በአንዴ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ግን ሕጉን ባትጠቅሱም እንኳ አትክፈሉ። ስድስት ወር የከፈለ ሰው ጎርፉ ቢገባም መውጣት አይችልም።

ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ሠራተኛ ጊዜ የለውም። ሰኞ ሥራ ጀምር ተብሎ ቅዳሜ ይደርሳል። አልጋ ቤት በቀን እየከፈለ ደመወዙ ሳይደርስ ኪሱ ይራቆታል። ስለዚህ ደላላው ያሳየውን ሁለተኛውን ቤት ይይዛል። ስህተቱ የሱ አይደለም።

ሰው የሚያመጡት መሥሪያ ቤቶች ግን ይህን ማስተካከል ይችላሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ መምህርና ሠራተኛ ከመላው አገሪቱ እየሳበ ነው። የሕክምና ማዕከሉ አለ፣ ባንኮቹ አሉ፣ የመንግሥት ቢሮዎቹ አሉ። እያንዳንዳቸው ለአዲስ ሠራተኛ የሚሆን አንድ ሁለት ክፍል ለአንድ ወር ቢያዘጋጁ ወጪው ከባድ አይደለም። እሱ ካልተቻለ ደግሞ ሁለት ሦስት ሆኖ በወር ሒሳብ የሚያዝ ክፍል አለ፤ አልጋ ቤት በቀን ከመክፈል ይረክሳል። ከሠራተኛ አስተዳደሩ አንድ ሰው ስለ ሰፈሮቹ የሚያውቀውን በአንድ ገጽ ጽፎ ይስጥ፤ የትኛው ቅያስ ጎርፍ ይገባዋል፣ የትኛው ውሃ በፈረቃ ያገኛል፣ የማታ ተረኛን ሰርቪሱ እስከ የት ያደርሳል። ጽዳት ሠራተኞቹና ጥበቃዎቹ ይህን በደንብ ያውቁታል፤ አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ማንም ስላልጠየቃቸው ነው።

የዘንድሮው ዝውውር ደብዳቤ እየወጣ ነው። ወረቀቱን አሁን መጻፍ ይቻላል።