ሰፊ ጎማ፣ ቀጭን ዘመድ

እኔ የምነዳው የቶዮታ ፕሪየስ ነው፣ የእዚህ አገር አበሻ ታክሲ ነጂ መኪና። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ለሚኖር የእኔ ቢጤ ይህን መናገር ራሱ ትርፍ ነው። "ሥራህ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቀኝ አበሻ ካለ መኪናዬን አላየም ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ናቲ ግን ሱባሩ ቢአርዜድ የምትባል የስፖርት መኪና ነው የሚነዳው። የ2013 ሞዴል። ሁለት በር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ከኋላ ደግሞ ወንበር የሚመስል ነገር አላት። ወንበር ነው ያሉት ጃፓኖቹ ናቸው። እኔ እዚያ ላይ ተቀምጦ ወገቡን ሳይዝ የወረደ ሰው አላየሁም። እህቴ መጀመሪያ ያየቻት ቀን ዙሪያዋን ዞረችና "ግማሹን መቼ ነው የሚያመጡልህ?" አለችው።

አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ናቲ ፊቱን ጥሎ ገባ።

"ምነው?"

"ጋሼ፣ ጎማዬ ያሳፍራል።"

ጎማ የሚያሳፍረው ሸራው ሲወጣ ነው ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ የነዳሁት ሚኒባስ ጎማው ከመላጣነት አልፎ ሸራውን ያሳይ ነበር። ያኔም ቢሆን ያፈረ አልነበረም፤ ተሳፋሪው ይጸልያል፣ እኔ እነዳለሁ። ወጥቼ የናቲን ጎማ አየሁት። ገና ጥርሱ ያላለቀ ደህና ጎማ ነው።

"ምኑ ነው የሚያሳፍረው?"

"ጠባብ ነው። ደግሞ..." ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የፕሪየስ ጎማ ነው።"

ቡናው ትን አለኝ።

ነገሩ ግን እውነት ነው። ቶዮታና ሱባሩ ተባብረው ይቺን መኪና በ2012 ለገበያ ሲያወጡ ያሰሩላት ጎማ ሚሽለን ፕራይመሲ ኤችፒ የሚባለው ነው፤ ባለ 17 ቸርኬ ፕሪየስ ላይም ይታሰር የነበረ። ገንዘብ አጥሯቸው አይደለም፣ ሆን ብለው ነው። በቶዮታ በኩል ዋናው መሐንዲስ የነበሩት ቴትሱያ ታዳ የፈለጉት ሹፌሩ የሚጫወትባት መኪና ነው። ጎማው አስፋልቱን ሙጭጭ አድርጎ ከያዘ መኪናዋ ሸርተት የምትለው ነፍስ በሚያስወጣ ፍጥነት ብቻ ነው። ጎማው ትንሽ ለቀቅ ካደረገ ግን ብዙም ሳትፈጥን ጅራቷን ወዝወዝ ታደርጋለች። ጨዋታው ያለው እሱ ላይ ነው። ናቲ እንግዲህ ሊያስወጣ የፈለገው ጨዋታውን ነው።

"ስለዚህ የእኔ መኪና የስፖርት ጎማ አላት ማለት ነዋ" አልኩት። አልሳቀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ በቁጥር ተሞላ። ናቲ ሂሳብ ላይ እንዴት እንደነበረ እህቴ ታውቃለች፤ የከፈለችው አስጠኚም ያውቃል። ያ ልጅ ናፕኪን ላይ ጎማ ያሰላ ጀመር። የእሱ ጎማ 215/45 ባለ 17 ነው። 215 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 45 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ኢንች። አባዝቶ ደምሮ ዙሮ ሲመጣ ጠቅላላ ቁመቱ 625 ሚሊሜትር ነው። ወደ 245 ስፋት ሲሄድ 45ቱን ወደ 40 ማውረድ አለበት፤ ያኔ 628 ይሆናል። 45ቱን እንዳለ ቢተወው ጎማው ወደ 652 ያድግና ዳሽቦርዱ 100 ሲል መኪናዋ 104 ትሄዳለች። "ፖሊሱ ደግሞ የሚያምነው የራሱን ቁጥር ነው" አለኝ። ይህን ያህል የሚያሰላ ልጅ እንዴት ከሂሳብ ትምህርት ቤት ሸሸ? አስተማሪው እንጀራና ብርቱካን ትቶ በጎማ ቢያስተምረው ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበር።

እህቴ አልጣማትም። "ሰፋ ያለ ቤት ተከራይተህ ውጣልኝ ስለው ሰፋ ያለ ጎማ ገዛ" ብላ ለዘመድ ሁሉ ስልክ ደወለች።

ስለ ስፋት ካነሳን አንድ ነገር ልበል። ጎማ ሰፋ ማለት ብዙ መሬት ረገጠ ማለት አይደለም። መሬት የሚነካውን ቦታ በዋናነት የሚወስነው በላዩ ያረፈው ክብደትና በውስጡ ያለው ነፋስ ነው። ሁለቱ ካልተለወጡ የሚረግጠው ቦታ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ቅርፁ ብቻ ወደ ጎን ይረዝምና ወደ ፊት ያጥራል። ሊጡ ያው አንድ ጭልፋ ነው፣ አጋገሩ ነው የተለወጠው። ይህ ቅርፅ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ኩርባ ላይ ይጠቅማል፤ አልክድም። ዝናብ ሲመጣ ግን ሰፊው ጎማ ውሃውን ሰንጥቆ መሬት መድረስ ይቸግረውና ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በረዶውንማ ተዉት። ናቲ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን የሚነዳው ሥራ ቦታው ድረስ ነው፤ ያም 395 አውራ ጎዳና ላይ፣ በመጨናነቅ ሰዓት፣ በእግረኛ ፍጥነት። ኩርባ የለም።

ከ2,000 ዶላር በላይ ከፈለ። ቸርኬው ከ7 ኢንች ወደ 9 ኢንች ሰፋ። ኦፍሴት የሚሉት ነገር (ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከስፋቱ መሃል ያለው ርቀት) ደግሞ ከ48 ወደ 35 ሚሊሜትር ወረደ። ትርጉሙ በአጭሩ ቸርኬው ወደ ውስጥ 12፣ ወደ ውጭ 38 ሚሊሜትር ወጣ ማለት ነው። ውጩ ለሰው ይታያል፣ ውስጡ አይታይም፤ ስለዚህ ትልቁ ድርሻ ወደ ውጭ። ከዚህም በላይ መኪናዋ ዝቅ እንድትል አጭር ሞላ ገጠመላት። ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ የብረቱን የውስጥ ጠርዝ በሙቀት አለስልሶ በሮለር አጠፈው። ሌሎች በቤዝቦል ዱላ ነው የሚያጥፉት ሲለኝ ደረቴን ያዝኩ። አልበቃ ብሎ የኋላ ጎማዎቹ አናታቸውን ወደ ውስጥ እንዲያዘነብሉ አስደረገ። መኪናዋ እግሯ ሸፈፈ። እሱ ግን እሁድ እሁድ ኮሎምቢያ ፓይክ አጠገብ ካለ ቡና ቤት ፊት ለፊት ያቆማትና ማኪያቶውን ይዞ ጀርባውን ለቡና ቤቱ፣ ፊቱን ለጎማው ሰጥቶ ይቀመጣል።

ጉዱ የመጣው የታናሽ እህታችን ልጅ 80 ቀኗ ሞልቶ ክርስትና የምትነሳ ዕለት ነው።

የእኔ መኪና ድስትና እንጀራ ተጫነባት። የክርስትና እናቷ እትዬ ዘነቡና እህታቸው በናቲ መኪና እንዲሄዱ ተመደቡ። እትዬ ዘነቡ የሞሉ፣ የተከበሩ ሴት ናቸው። በአበሻ ልብሳቸው፣ በነጠላቸው፣ ከኋላ ገቡ። እንዴት እንደገቡ አትጠይቁኝ፤ እኔም እንዳላይ ፊቴን አዙሬ ነበር።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ "ጥርርርር" አለ። ሁለተኛው ላይ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ናቲ ጥግ ይዞ አቆመ። ልጁ እዚሁ ነው የተወለደው፤ አማርኛው ደህና ነው፣ ሲደነግጥ ብቻ ወንድና ሴት ይምታታበታል። ዞሮ፣ በሙሉ ትሕትና፣

"እትዬ ዘነቡ፣ ይቅርታ፣ ስንት ኪሎ ነህ?" አላቸው።

ስልኬ ሲጠራ ዶሮ ወጡ አጠገቤ ቀበቶ ታስሮለት ነበር። ተመልሼ ስደርስ እትዬ ዘነቡ አስፋልት ዳር ቆመዋል። ናቲ ተንበርክኮ ፓራፋንጎውን በስልኩ መብራት ያያል። ይቅርታ ሊጠይቅ የተንበረከከ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ድስቱን ወደ ኋላ አሳለፍኩና አስገባኋቸው፤ ሕፃኗም በሰዓቱ ተጠመቀች። ግብዣው ላይ ግን እትዬ ዘነቡ አንድ ጉርሻ አልቀመሱም። "በልቼ በምን ልሄድ?" አሉ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። ጎማው ሲሰፋ ለካ ዘመዱ መቅጠን ነበረበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ሳሎን፣ ካፖርት ሳይወልቅ። ናቲ ጥፋቱን እንዲናገር ሲጠየቅ ናፕኪን አወጣ። 38 ሚሊሜትሩን አስረዳ። አንደኛው ሽማግሌ "የሁለት አውራ ጣት ስፋት እንኳ ለማይሞላ ነገር ነው የተሰበሰብነው?" ብለው ተቆጡ። ሁለተኛው ድሮ ጋራዥ ሠርተዋል፤ "ከውስጥ በኩልስ ሾኩን አይነካም?" አሉ። ናቲ ፊቱ በራ። "ይነካል ብዬ ፈርቼ ነበር ጋሼ፣ ግን..." ተያይዘው ወጡ። ሦስተኛውም "እስቲ ልየው" ብለው ተከተሉ። እኔም ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ወጣሁ። አራት ወንድ ብርድ ላይ ቁጢጥ ብለን ጎማ ስናይ እትዬ ዘነቡ በመስኮቱ ያዩን ነበር። ለዚህ የተጨመረ ሌላ ሰዓት ሽምግልና አለ፤ እሱን እንለፈው።

በመጨረሻ እንደ ድሮው ወግ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ይውደቅ ተባለ። ግቢው የጋራ ነው፣ ድንጋይ የለም። ድሮ ጋራዥ የሠሩት ሽማግሌ ዘዴ አገኙ። "አሮጌውን ጎማ ከነቸርኬው ይሸከም።" ናቲ 215ቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ገባ። እትዬ ዘነቡ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ማሩት።

ያንን ጎማና ሦስት ወንድሞቹን እኔ ወሰድኳቸው። የእኔዋም 2012 ፕሪየስ ፋይቭ ናት፤ 215/45 ባለ 17። ላስቲኩን ከቸርኬው አስፈትቼ በእኔ ቸርኬ አሳሰርኩት። ልክክ።

ባለፈው እሁድ እትዬ ዘነቡን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤታቸው አደረስኳቸው። ከፊት ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተው "እሰይ፣ መኪና ማለት እንዲህ ነው፤ ምን ዓይነት ጎማ ነው ያሰርክባት?" አሉኝ።

"የናቲ ነው። የስፖርት መኪናዋ ላይ የነበረው።"

በሩ ላይ ያለውን እጀታ ጨምድደው ያዙ።

"ታዲያ ቀስ በላ!"