ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ለምትጠፉ

በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአትላንታ ዙሪያ፣ በላስ ቬጋስ፣ በሚኒሶታ የምትኖሩ፣ ቀኝ እጃችሁን አንስታችሁ ምላችሁ የአሜሪካ ዜጋ የሆናችሁ ወገኖች! በየአራት ዓመቱ ኖቬምበር ላይ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጣችሁ ታነጋላችሁ። በማግስቱ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ሙግቱ ይጀመራል፤ «ብዙ ሰው የመረጠው እንዴት ይሸነፋል?» እ.ኤ.አ. በ2000 አል ጎር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠው ሲሸነፉ ይህን አላችሁ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከ2.8 ሚሊዮን በላይ በልጠው ሲሸነፉም ደገማችሁት። መጠየቁ ነውር አይደለም። ነውሩ በመሀል አሥራ ስድስት ዓመት አልፎ መልሱን አለመፈለጋችሁ ነው።

ወረቀቱ ላይ የታተመው የዕጩው ስም ይሁን እንጂ ድምፃችሁ የሚሄደው የዕጩው ፓርቲ በስቴታችሁ ላሰለፋቸው ወኪል መራጮች ነው። ቁጥራቸው በኮንግረስ ባሏችሁ ተወካዮች ልክ ሆኖ ሁለት ሴናተሮች ይደመሩበታል። ቨርጂኒያ 11 ተወካይና 2 ሴናተር ስላላት 13 ወኪል ይደርሳታል። ጆርጂያ 16፣ ሜሪላንድና ሚኒሶታ እያንዳንዳቸው 10፣ ኔቫዳ 6 አላቸው። ዋሽንግተን ዲሲም በ1961 በጸደቀው 23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 3 አግኝታለች። ጠቅላላው 538፣ ማሸነፊያው 270 ነው። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በየስቴቱ አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉንም ይጠቀልላል። በ2020 ጆ ባይደን ጆርጂያን የወሰዱት በ11,779 ድምፅ ነበር፤ 16ቱም ወኪሎች ለእሳቸው ሆኑ። ለተሸናፊው የተሰጠው ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አንድ ወኪል እንኳ አላስገኘም።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ነገሩን ከአገር ቤቱ ጋር ታምታታላችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ ላይ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። የአሜሪካ ወኪል መራጮች ግን ምክር ቤት አይደሉም፤ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገናኝተውም አያውቁ። በዲሴምበር ከሁለተኛው ረቡዕ ቀጥሎ በሚውለው ማክሰኞ እያንዳንዱ ቡድን በየስቴቱ ይሰበሰባል፤ የቨርጂኒያዎቹ ሪችመንድ ላይ። ድምፃቸውን ሰጥተው ስድስት ምስክር ወረቀት ይፈርሙና ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ጃንዋሪ 6 ቀን ኮንግረስ ቆጥሮ ያሳውቃል። ቃሉን አጥፎ ሌላ ሰው የሚመርጥ ወኪል ቢገኝ ስቴቱ ሊቀጣው ወይም ሊተካው እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 ወስኗል። «እነሱ የፈለጉትን ይመርጣሉ፣ የእኔ ድምፅ ምን ይፈይዳል» የምትሉ ሰበባችሁ ይህን ያህል ነው።

ሥልጣኑ ያለው እናንተ ዞር ብላችሁ በማታዩት ቦታ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ ሁለት ወኪሎቹ የሚሰየሙበትን መንገድ እንዲወስን የፈቀደው ለስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ 10ሩ ወኪሎች ለማን እንደሚሆኑ ምርጫው ሳይደርስ እንደሚታወቅ አንክድም። ነገር ግን ወኪሎቿን በአገር አቀፍ ድምፅ ለበለጠው ዕጩ ለመስጠት በ2007 በሕግ የተስማማችው የመጀመሪያዋ ስቴት ሜሪላንድ ናት። ውሉ የሚጸናው የፈራሚዎቹ ስቴቶች ወኪል ተደምሮ 270 ሲሞላ ነው። ይህን ሕግ ያወጡት በስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ያሉት፣ ስማቸውን ብትጠየቁ የማትመልሱት የስቴት ተወካዮቻችሁ ናቸው።

የቨርጂኒያ ሰዎች፣ ለእናንተ ደግሞ ይብሳል። የስቴታችሁ የታችኛው ምክር ቤት 100 መቀመጫ የሚመረጠው በጎዶሎ ቁጥር ዓመት፣ የፕሬዚዳንት ስም ወረቀቱ ላይ በሌለበት ጊዜ ነው። በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ላይ ሼሊ ሲሞንድስና ዴቪድ ያንሲ ተፎካከሩ። ድጋሚ ሲቆጠር ሲሞንድስ በአንዲት ድምፅ በለጡ። ከዚያ አንድ ወረቀት አከራካሪ ሆነ፤ መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሮ በአንደኛው ላይ ሰረዝ አድርጎበታል። ዳኞቹ ለያንሲ ይቆጠር አሉ፤ ውጤቱ 11,608 ለ11,608 ሆነ። በጃንዋሪ 2018 ሁለቱ ስሞች በፊልም መያዣ ውስጥ ገብተው፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተደርገው፣ እንደ ዕቁብ ዕጣ ወጣ። ያንሲ ደረሳቸው፤ ፓርቲያቸውም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዘ። በዚያ ቀን ሥራ በዝቶበት፣ ጉዳዩም የፕሬዚዳንት ምርጫ ባለመሆኑ ከቤቱ ያልወጣ አንድ ሰው ቢወጣ ኖሮ ዕጣ ባላስፈለገ። በነገራችን ላይ ወረቀት ሲበላሽባችሁ ሰርዛችሁ አትስጡ፤ ለአስተናባሪው መልሱና አዲስ ተቀበሉ፤ ይሰጧችኋል።

ጆርጂያም እንደዚሁ። በጃንዋሪ 2021 መጀመሪያ ዶናልድ ትራምፕ 11,780 ድምፅ እንዲያፈላልጉላቸው በስልክ የጠየቋቸው የስቴቱ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት፣ ማለትም የምርጫው ዋና ኃላፊ፣ ብራድ ራፈንስፐርገር እሺ አላሉም። ሹመቱን ያገኙት በ2018 ምርጫ ነበር። በጆርጂያ፣ በኔቫዳና በሚኒሶታ ይህ ኃላፊነት ለምርጫ የሚቀርበው በ2018፣ በ2022፣ በ2026፣ ማለትም እናንተ በምትጠፉበት ዓመት ነው።

ቆጣሪው ጋ ሳይደርስ የሚወድቅ ድምፅም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ስም ላይ ነው። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ ዜግነት ወረቀቱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ይገባል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ይቀራል። ገብረማርያም አንዱ ጋ አንድ ቃል፣ ሌላው ጋ ሁለት ሆኖ ይጻፋል። መዝገቡና መታወቂያው ካልተገናኙ ምዝገባችሁ ሊንጠለጠል ይችላል። ስለዚህ በስቴቱ የምርጫ ድረ ገጽ ስማችሁን ፈልጋችሁ ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ቤት የለወጣችሁም አድራሻችሁን ቀይሩ።

ፖስታው ደግሞ እንደ ስቴቱ ነው። ኔቫዳ በ2021 ባወጣችው ሕግ ለንቁ መራጮቿ ሁሉ ወረቀቱን በፖስታ ትልካለች፤ ሲመለስ በፖስታው ላይ ያለው ፊርማ በመዝገብ ካለው ጋር ይመሳከራል። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ) ላይ በመስታወት ሰሌዳ የፈረማችሁት ጭረት በግዕዝ ፊደል ከሚጻፈው የዘወትር ፊርማችሁ ጋር እንዴት ይመሳሰላል? ካልተመሳሰለ ከካውንቲው መልእክት ይመጣል፤ የማታውቁት ቁጥር ነው ብላችሁ ስልኩን ከዘጋችሁ ድምፁም ቀረ። ጆርጂያ በዚያው በ2021 የፊርማውን ምርመራ ትታ በመታወቂያ ቁጥር ቀይራዋለች።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ዘመዶች በዚህ አትሳሳቱ። ዲኤምቪ ላይ «ዜጋ ነዎት?» የምትለዋን ሳጥን ሳታነቡ አዎ ብላችሁ ምልክት ብታደርጉና የመራጭነት ካርድ ቤት ቢመጣ፣ ካርዱ መምጣቱ ፈቃድ አይደለም። ዜጋ ሳይሆን በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሰጠ ሰው እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር፣ ከአገርም ሊባረር ይችላል። ወንድማችሁን «ና፣ አብረን እንምረጥ» ብላችሁ ከመጎተታችሁ በፊት የዜግነት ወረቀቱን ጠይቁት።

እናቶቻችንን «እንግሊዝኛ አያነቡም» እያላችሁ ቤት ማስቀመጥም ይብቃ። በሌላ ቋንቋ የምርጫ ወረቀት እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ አማርኛን አያካትትም፤ ይህ እውነት ነው። የድምፅ መስጠት መብት ሕጉ አንቀጽ 208 ግን ማንበብ የማይችል መራጭ የሚፈልገውን ሰው ይዞ ወደ ድምፅ መስጫው እንዲገባ ይፈቅዳል። የማይፈቀድላቸው አሠሪው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሹምና የሁለቱ ወኪሎች ብቻ ናቸው። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ጓደኛ መግባት ይችላል። በር ላይ አስተናባሪው ቢከለክል የአንቀጹን ቁጥር ንገሩትና ኃላፊውን እንዲጠራ ጠይቁ። እናታችሁም ወረቀቱን እስከ ጀርባው ያስነብቡ፤ የካውንቲውና የስቴቱ ስሞች አንዳንዴ እዚያ ናቸው።