ይድረስ ለክፍል 214 ቢ፦ «ትስስር የለህም» ላልከኝ

ይድረስ ለክፍል 214 ቢ፣ ባለህበት።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከክልከላህ በቀር አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደሴም ደህና ናት። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኗታል፣ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ያስላል፣ እያሳለም ይስቃል።

መቼም አትረሳኝም። ባለፈው አዲስ አበባ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ መስኮት ቀዳዳ፣ ቪዛ የከለከልክባትን አንዲት ወረቀት የሰጠኸኝ ልጅ ነኝ፣ ኮቱ የሰፋው። (ኮቱ የአጎቴ ነው።) ወረቀቷ ብዙ ታወራለች፣ ተጨምቃ ስትወጣ ግን የምትለው አንድ ነገር ነው፦ ወደ ሀገርህ የሚመልስ ትስስር አላሳየኸንም።

እኔ? ትስስር የለኝም?

ለማያውቅህ ላስተዋውቅህ መሰለኝ። በእነሱ አቆጣጠር በ1952፣ በእኛ በ1944 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ውስጥ የተቀመጥክ አንቀጽ ነህ። ከእናቴ በዕድሜ ትበልጣለህ፣ ስለዚህ አንተ እያልኩ መጻፌን እንደ ድፍረት አትይብኝ፣ ተናድጄ ነው። ሥራህ መጠርጠር ነው። ለትምህርትም ሆነ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው፣ ከጥቂት የቪዛ ዓይነቶች በቀር፣ እዚያው ሊቀር የመጣ ነው ብለህ ትነሳለህ። በግ የሰረቀ ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው ይባላል። አንተ ዘንድ ግን ተማሪው እንደማይቀር ራሱ ያስረዳ። ካላስረዳ ይግባኝ የለውም፣ የከፈለውም አይመለስለትም። እንደገና መሞከር ይችላል፣ እንደገና ከከፈለ።

ስለ ክፍያው ላውራህ። ለቪዛው ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ሴቪስ ለሚሉት የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ደግሞ 350 ዶላር። በ12 ወር ውስጥ ከሞከርክ ሴቪሱን ድጋሚ አትከፍልም ብለውኛል፣ ለዚህች ቸርነትህ አመሰግናለሁ። ዶላር በደሴ ገበያ በኪሎ አይሸጥም። ስለዚህ ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ በአሠሪዋ ካርድ አስከፈለችልኝ፣ እሷም ከደሞዟ እየተቆረጠባት ነው። ብሩን ለመመለስ ዕቁቤን ፈለግኩት። ዕጣዬ ገና ነበር። ዳኛው ጋሼ «ልጁ ሊማር ነው፣ ይቅደም» አሉ፣ ባለ ተራዋ እትዬም የቤታቸውን ቆርቆሮ መቀየር ለሌላ ጊዜ አስተላልፈው ዕጣቸውን ለቀቁልኝ። አሁን ዝናብ በመጣ ቁጥር የእሳቸው ጣሪያ ሲያፈስ እኔ ነኝ የምሳቀቀው። ይሄ ባንተ ቋንቋ ምን ይባላል?

ቅጹን ስሞላስ ያየሁት! የቤተሰብ ስም ይላል። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፣ እኔ አለሁ፣ አባቴ አለ፣ አያቴ አሉ፣ በቃ። ወሎ ደግሞ ስንወርድ ስንዋረድ ሃይማኖቱም ይቀያየራል፦ የእኔ ስም መስጊድ ነው የወጣው፣ የአያቴ ቤተክርስቲያን። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን መስኮቱ ላይ በድምፅ ማጉያ የተጠሩት አያቴ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ከተቀበሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፣ እሳቸው እንኳ ለትምህርት ይሄዱ መስሏቸው ይሆናል።

የእንግሊዝኛውን ፈተናም አትጠይቀኝ። ዱኦሊንጎን ቤትህ ሆነህ ትፈተናለህ፣ ካሜራው በርቶ፣ ክፍሉ ውስጥ ካንተ በቀር ሰው ሳይኖር፣ አንድ ሰዓት ያህል። ደሴ ውስጥ ሰው የማይገባበት ክፍል! መጀመሪያ መብራት ሄደ። በሁለተኛው ጎረቤታችን ቆሎ ይዘው ገብተው «ምነው ብቻህን ታወራለህ፣ የኔ ልጅ?» ብለው ግንባሬን ዳሰሱኝ። በሦስተኛው እናቴ በሩ ላይ ዘብ ቆመች፣ አለፍኩ።

የባንክ ስቴትመንቱ ላይ ግን ልቆም ነው። ማን ከፍሎ እንደሚያስተምርህ አሳይ ትላለህ፣ እሺ። አጎቴ ተሁለደሬ ውስጥ የተከበረ ሰው ነው። በሬዎች አሉት፣ ጤፍ በጎተራ አለው፣ የተቸገረ ሁሉ የሚመጣው እሱ ደጅ ነው። ብር ግን ባንክ አያስቀምጥም፣ «ብር ብቻውን ሲቀመጥ ይሰንፋል» ይላል። በሬ ደግሞ ስቴትመንት አይሰጥም። ስለዚህ በሬ ተሸጠ፣ ብሩ ባንክ ገባ፣ ስቴትመንቱ ወጣ። የባንኩ ልጅ ወረቀቱን እያየ «ይሄ ሁሉ ብር ባለፈው ሳምንት ነው እንዴ የገባው?» አለኝ። አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ቀንድ ነበረው።

ቤተሰቡ በበኩሉ የሚችለውን አደረገ። በአባቴ ወገን ወዳጃ ተቀመጡልኝ። ቡናው ተፈላ፣ ጫቱ ቀረበ፣ ሸሁ ዱአ አደረጉ። በእናቴ ወገን አክስቴ ለግሸን ማርያም ተሳለች። በሁለቱም በኩል ተይዣለሁ ማለት ነው። አሁን አክስቴ ግራ ገብቷታል፣ ስለቱ ካልሰመረ እንግዲህ ለመስከረም 21 ትውጣ ወይስ ትቅር? እኔን ትጠይቀኛለች። አንተን ልትጠይቅ ይገባ ነበር።

ከዚያ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተጓዝኩ። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ኮቱ እንዳይጨማደድ ጭኔ ላይ አጥፌው። ሌሊቱን መልሶቼን ሳጠና አደርኩ፦ የምማረው ስለ ውሃ ነው፣ እኛ ሀገር ምንጭ ሲደርቅ ሴቶቻችን ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ፣ ተመልሼ ምን እንደምሠራ። ዩኒቨርሲቲው የላከልኝን አይ ትዌንቲ የሚሉትን የተቀባይነት ወረቀት በፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩን በፌስታል፣ ፌስታሉን በደረቴ።

ጥያቄው ሦስት ደቂቃ አልሞላም።

«ባለትዳር ነህ?» አይደለሁም። «የራስህ ቤት አለህ?» ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። «ውጭ ሀገር ዘመድ አለህ?» አዎ፣ ዱባይ። ሰውየው ጨዋ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም፣ ፈገግም ብሏል። ኪቦርዱን ቀጭ ቀጭ አደረገና ወረቀትህን ሰጠኝ። ፌስታሉን እንኳ አልፈታሁትም።

ከእናቴ ጋር መኖሬ ነው የጎዳኝ፣ ገባህ? እናቱን ትቶ ለብቻው ቤት የተከራየ ሰው ካንተ ዘንድ ከእኔ ይልቅ የታሰረ ነው። እስቲ ና፣ አንድ ቀን ከሸዋበር እስከ ፒያሳ አብረን በእግር እንሂድ። አንዱ «እናትህን ሻል አላት?» ይላል፣ ሌላው ቁስሌን ሊነካካ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ይላል፣ እትዬ ከበራቸው ሆነው «ና ቶናው ደርሷል» ይላሉ፣ ጠጥቻለሁ ብትል አይሰሙህም፣ ከገባህ ደግሞ በረካውን ሳትጠጣ መውጣት ነውር ነው። ቀኑ መሸ። እኔ ከዚህ ከተማ መውጣት እንጂ ወደዚህ መመለስ አቅቶኝ አያውቅም።

ስመለስም ሰፈሩ ጠበቀኝ። ማንም ተከለከልክ አላለኝም፣ «አብሽር፣ አላህ ያላለው ነው» ብለው ቡና አፈሉ። እናቴ ዝም አለች፣ ዝም ብላ ግን ፊቷ የሆነ ነገር ነበረበት። ደስ ሳይላት አልቀረም፣ እንዳትናገርብኝ።

በማግስቱ ግን የቅሬው ጸሐፊ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ቅሬ ሌላው ሀገር እድር የሚለው ነው፣ ሰው ሲሞት አብሮ የሚቀብር። እኔ ያንተ መስኮት ፊት በቆምኩባት ማክሰኞ ሰፈራችን ውስጥ ቀብር ነበር። «አልተገኘህም» አሉኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። ቪዛ ልጠይቅ ሄጄ ነው አልኳቸው። «እሱን ሰምተናል፣ አላህ ያግዝህ» አሉና ገልጠው አሳዩኝ፦ ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ ቀኑ፣ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ቀሪ፣ ብር 50»።

ከፈልኩ። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሰጡኝ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ከአይ ትዌንቲው ሥር አድርጌዋለሁ፣ እዚያው ፌስታል ውስጥ ነው፣ እባክህ ያን ቀን ሰውየህ ይፍታው።