«አንድ አጨስኩ» ያሉትን ሰው ለምን አባረራችኋቸው?

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ አልበርድ አለኝ።

ሲጃራ ማቆም የሚፈልጉ አዋቂዎች በስልክ የሚረዳዱበት ግሩፕ አለ። እኔም አለሁበት። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። የሚጽፉት ሌሊት ሌሊት ነው፤ ያውም አጠር አድርገው። «ዛሬም አላጨስኩም። ሐራራው ግን አላስተኛኝም» ይላሉ። ሌላ ሰው ሲጨንቀው ደግሞ ቀድመው የሚደርሱለት እሳቸው ናቸው። «ውሃ ጠጣ። ከተቀመጥክበት ተነስ። እኔ አለሁ፣ አልተኛም» ይሉታል። እስኪያልፍለት ድረስም አብረውት ያመሻሉ።

አንድ ሌሊት እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ልጆች፣ ከሰው ጋር ተጋጭቼ ነበር። አንድ አጨስኩ። ፓኮው አሁንም እጄ ላይ ነው። ምን ላድርግ?»

ምን ላድርግ ነው ያሉት። የመጣላቸው መልስ ሳቅ ነበር። የሚስቁ ኢሞጂዎች ተደረደሩ። አንዱ «ድሮም አውቄው ነበር» አለ። ሌላው «ወንድ ልጅ ከወሰነ ወሰነ ነው» ብሎ ፎከረ። «በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም?» ያለም አለ። ከሁሉም የከፋው ግን ጽሑፋቸውን ስክሪንሾት አንስቶ ከግሩፑ ውጪ የበተነው ሰው ነው። ስማቸውም ፎቷቸውም አብሮ ሄደ። ዞሮ ዞሮ «አቁሜያለሁ» ብለው ለነገሯቸው ልጆቻቸው ደረሰ።

ጠዋት ስንነሳ ጋሼ የሉም። የጻፉትን ሁሉ አጥፍተው ወጥተዋል። ለሌሎች የጻፉት ምክር እንኳ አልቀረም። ብንጽፍላቸው አይመልሱም። ብንደውል አያነሱም።

እናንተ የሳቃችሁ ሰዎች፣ በምን ላይ እንደሳቃችሁ ታውቃላችሁ? ሲጃራ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ነገር፣ ኒኮቲን፣ ጭሱ በተሳበ በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ለዓመታት የለመደው አንጎል ድንገት ሲያጣው ሰውየው ይነጫነጫል፣ ይጨነቃል፣ እንቅልፍ ያጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳሉ፤ ሕመሙ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አንዱ ሐራራ ግን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ጋሼ የጻፉልን በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ፓኮውን ይጣሉት፣ አብሬዎት አለሁ» ቢላቸው ሌሊቱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግሊዝ ውስጥ የተካሄደ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። 5,800 አጫሾች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ለማቆም የሚያግዝ መልእክት በስልካቸው ይደርሳቸው ነበር፤ ለቀሩት የሚላከው መልእክት ከማቆም ጋር የማይገናኝ ነው። ከስድስት ወር በኋላ በምርመራ ሲረጋገጥ፣ የሚያግዘው መልእክት ይደርሳቸው ከነበሩት 10.7 በመቶው አቁመዋል። ከሌሎቹ ያቆሙት 4.9 በመቶ ብቻ ናቸው። እኔን ያንገበገበኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሐራራ የያዘው ወይም ተሸንፎ ያጨሰ ሰው አንዲት ቃል ከላከ፣ ወዲያው የሚያበረታታ መልስ ይመጣለት ነበር። የሚመልስለት ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ያልነፈገውን እኛ ነፈግን።

«ወንድ ልጅ ከወሰነ» ላልከው ወንድሜ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ሲጃራ ያቆሙ ሰዎች አብዛኞቹ ያቆሙት ደጋግመው ወድቀው ነው። አንድ ሲጃራ ማለት ሁሉም ነገር አከተመ ማለት አይደለም። ወሳኙ ሁለተኛው ነው። ያ ሁለተኛው ደግሞ የሚለኮሰው ሰው ሲያፍርና ብቻውን ሲቀር ነው።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግሩፑ ውስጥ «አጨስኩ» የሚል ሰው ጠፍቷል። ሁሉም ደህና ነኝ ይላል። እውነት እንዳይመስላችሁ፤ ፈርተው ነው። ያልተናገረ ሰው እንዴት ይረዳል? ይህን ሳስብ ንዴቴ ወደ ሐዘን ይለወጣል። መረዳጃ ቤታችንን በገዛ እጃችን የወንጀል ምርመራ ክፍል አደረግነው። እያነበቡ ዝም ያሉትም ከተጠያቂነት አያመልጡም።

እባካችሁ፣ የሰው ምስጢር አትበትኑ። ሰው «አጨስኩ» ሲላችሁ መጀመሪያ ስለነገራችሁ አመስግኑት። ከዚያ ፓኮው የት እንዳለ ጠይቁት፣ አሁኑኑ ያስወግደው። ምን እንደቀሰቀሰበት ያውራ፤ እናንተ ስሙት። ሲነጋ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ገፋፉት። የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ አለ፤ እንደ ቫሬኒክሊን ያለ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ለአዋቂዎች ባወጣው መመሪያ መድኃኒቶቹንም፣ በስልክና በኢንተርኔት የሚሰጠውን ድጋፍም ይመክራል። አንዱ ሌላውን ይደግፋል እንጂ አይተካም።

እውነት ለመናገር ደክሞኛል። ይህን አንብበው እንደገና የሚስቁ እንደማይጠፉም አውቃለሁ። ቢሆንም ጥቂት ሆነን ሌሊቱን በተራ መጠበቅ ጀምረናል። ሰው ከጻፈ አንዳችን እንመልሳለን። ለጋሼም አልፎ አልፎ እንጽፍላቸዋለን። እስካሁን መልስ የለም፤ ቁጥራችንን ግን አልዘጉትም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ተራ የሚይዝ ሰው ያንሰናል። እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ኑና አግዙን።