እርማት፦ ከጉግል ፎቶስ የጠፋ ፎቶ ክላውድ ላይ አይቀርም

«ስልካችሁ ከሞላ ጉግል ፎቶስ ገብታችሁ አጥፉ፤ ባክአፕ (ተጠባባቂ ቅጂ) ስላለ ክላውድ (በኢንተርኔት ያለው የጉግል ማከማቻ) ላይ ይቀራል» የሚል ምክር ለነጋዴዎች እየተሰጠ ነው። በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ስህተት ነው።

ባክአፕ የተደረገን ፎቶ ከመተግበሪያው ስታጠፉት ከስልኩም ከክላውዱም ይጠፋል። በመተግበሪያው መጣያ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ አይመለስም። የዕቃ ፎቶ ቢሆን እንደገና ይነሳል። የዱቤ ደብተሩና የደረሰኙ ፎቶ ግን ከየት ይመጣል?

ለማረጋገጥ አንድ የማትፈልጉትን ፎቶ አጥፉና በዚያው አካውንት በኮምፒውተር ግቡ። ከመጣያው በስተቀር አታገኙትም።

ቦታ ብቻ ከፈለጋችሁ፣ እዚያው መተግበሪያ ውስጥ የስልክ ቦታ የሚያስለቅቀውን ምርጫ ተጠቀሙ። እሱ የሚያጠፋው ባክአፕ የተደረጉትን፣ ያውም ከስልኩ ላይ ብቻ ነው። በዚህ ምክር ሰሞኑን ያጠፋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ መጣያውን እዩ።