ግልጽ ደብዳቤ፦ ባሌን ለበላው ብል

ለክቡር ብል
ቁም ሳጥን ሥር፣ ደሴ

ጉዳዩ፦ የጋብቻ ወረቀቴን ስለመብላትዎ

እንዴት ሰነበቱ ብዬ አልጠይቅም፤ መሰንበትዎን ማክሰኞ ዕለት ወረፋው ሁሉ አይቷል።

በ1 ሰዓት ተኩል ለጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄጄ ተሰለፍኩ። ጉሙ ያው እንደሚያውቁት ነው፤ እንኳን የጦሳ ተራራ፣ ከፊቴ የቆመው ሰውዬም በግድ ነው የሚታየኝ። 4 ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ደረስኩና ድሮ ያስነሳሁትን ፎቶ ኮፒ ሰጠሁ። «ዋናውስ?» አለችኝ ልጅቷ። ዋናውማ አለ! 18 ዓመት ሙሉ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ካርቶን ውስጥ አድርጌ፣ ቁም ሳጥን ሥር ያኖርኩት። በኩራት ዘረጋሁት። እርስዎም በኩራት ወጡ።

ያ ብር የመሰለ ልብስዎ፣ ያ ሦስት ጭራዎ! ከወረቀቱ እጥፋት ብቅ ብለው፣ ማህተሙን ተራምደው፣ ያለ ወረፋ ቀጥ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ልጅቷ ጮኸች። ወረቀቱን ስታነሳው የባለቤቴ ፎቶ ዱብ አለ፤ ለካ ሙጫውን ጨርሰውታል። ፊቱንም ፍቀውት ከሰውዬው የተረፈው አንድ ጆሮና ከረባት ነው። የእኔን ፎቶ ግን ንክች አላደረጉትም። (ምን እንዳስጠላዎት ባውቅ ደስ ይለኛል።)

«ይሄ ማነው?»
«ባሌ ነዋ።»
«የታለ?»
ከኋላዬ አንዱ «ብል በልቶት!» አለና ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ጆሯቸው ደከም ያለ አንዲት እናት ደግሞ ከልባቸው ትከሻዬን ይዘው «አይዞሽ ልጄ፣ አላህ ይዘንለት» አሉኝ። ወላሂ፣ ባሌ ያን ሰዓት ፒያሳ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ጠፍቶ ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ አምጪ» ተባልኩ። አልጠፋም፣ ተበልቷል። «ለተበላ ፎርም የለንም።» ከመስኮት 3 ወደ መስኮት 7፣ ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከዚያ የምሳ ሰዓት። መጨረሻ ላይ «ብል ለመብላቱ ማስረጃ ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ማታ ባለቤቴ ታሪክዎን ከስልኩ አነበበልኝ፤ በተረፈው ጆሮው እየሳቀ። ዘርዎ ከዳይኖሰር የቀደመ ነው አሉ። እስከ 8 ዓመት ይኖራሉ፤ ስንት ትዳር እርስዎን አያህልም። ደግሞ ምንም ሳይቀምሱ ወራት መቆየት ይችላሉ። ታዲያ የእኔን ወረቀት ሳይቀምሱ መቆየት ምን ነበረበት?

የጋቢዬን ጥለት ይቅር ብያለሁ።

የአባቴን ደብዳቤ ግን አልልም። አሰብ ሹፌር ሆኖ ሲሠራ የጻፈልኝ አንድ ደብዳቤ ነበረች፣ እዚያው ካርቶን ውስጥ። ከላይ «ይድረስ ለምወድሽ ልጄ» የሚለው አለ። ከታች «አባትሽ» የሚለው አለ። መሃሉን በላኸው። አዎ፣ አንተ ነው ያልኩህ፤ ክቡርነትህ እዚህ ጋ አበቃ። የጋብቻው ወረቀት በስንት ምልልስም ቢሆን ይታደሳል። አባቴ ሞቷል። መሃሉ ላይ ምን ብሎኝ እንደነበር የትኛው መስኮት ሄጄ ልጠይቅ?

ስለዚህ ካርቶኖቹ ወጥተዋል። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ወረቀትን በካርቶን ማስቀመጥ ለአንተ ምሳ ዕቃ መቋጠር ኖሯል። የተረፈውን ሁሉ ጉሙ የገለጠ ቀን ፀሐይ አስመትቼ፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አራቅሁት፣ ስንጥቁን በጀሶ ደፈንኩት፣ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣት ቀረ። ናፍታሊንም ሞክሬ ነበር፤ ከሽታው የሸሸው ባሌ ነው። ወረቀቱን የሐረጎን ዳገት አሻግሬ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ላኑረው ስል ደግሞ ሙቀትም እንደምትወድ ተነገረኝ። አንተ የማትወደው የእኔን ፎቶ ብቻ ነው!

ትናንት ማታ የማርማላታ ጠርሙስ ውጪውን በፕላስተር ጠቅልዬ፣ ውስጡ የዳቦ ፍርፋሪ ጣል አድርጌ ቁም ሳጥኑ ሥር አስቀመጥኩ። ፕላስተሩን ይዘህ ወጣህ፣ ፍርፋሪው ላይ ወረድክ፣ መስታወቱ አዳለጠህና እዚያው ቀረህ። ዛሬ ጠዋት ሳየው ሦስት ናችሁ። ክዳኑን ገጠምኩት።

ማስረጃ አምጪ ተብዬ የለ? ነገ በ1 ሰዓት ተኩል አብረን እንሰለፋለን፤ መስኮት 7።